ሁለት ሆኖ የሚመጣ እንግዳ

በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ፣ ወረርሽኝ በመጣ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሞ በሩ የሚዘጋበት፣ ወረርሽኙም ሲያልፍ ከሁሉ በኋላ የሚከፈትለት አንድ ሰው አለ፤ እርሱም አካሉ ወይም አእምሮው የተጎዳ፣ ያለ ሰው ርዳታ ከአልጋው ወደ ደጁ፣ ከደጁም ወደ ጓደኛው ለመድረስ የማይችል፣ ስለዚህም ቤተሰቡ በደመወዝ ረዳት የቀጠረለት ወጣት ነው። ይህ ወጣት በክፉ ዘመን ሳይታመም፣ ሳይናፍቅም እንዴት ሊኖር እንደሚችል ለመመርመር፣ የሚከተለው ምልልስ በሁለት ተናጋሪዎች አፍ ቀርቧል፤ አንደኛው የቅኔ መምህር የሆኑ አዛውንት፣ ሁለተኛዋም ከእግራቸው ሥር ፊደል ቆጥራ በኋላ ነርስ የሆነች ሴት ናቸው።

የኔታ፦ ልጄ፣ ለእናቶች ስትመክሪ ሰምቼሽ ልቤ አላርፍ አለኝ። ወረርሽኝ ሲነሣ አካል ጉዳተኛ ልጃችሁን ከቤት አታውጡ ትያለሽ ብዬ ስጠብቅ፣ እንዴት እንደምታወጡትና ከማን ጋር እንደምታገናኙት ከአሁኑ አስቡበት አልሽ። እንዲህ ያለ ቃል ከሐኪም ቤት ሰው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ መጠንቀቅ ማለት መክተት አልነበረምን?

ነርሷ፦ የኔታ፣ መክተት ለአንድ ሰሞን መድኃኒት ይሆናል፤ ሰሞኑ ወር፣ ወሩም ዓመት ሲሆን ግን እርሱ ራሱ ሌላ ደዌ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም ኮሮና ወደ አገራችን መግባቱ በተነገረ ጊዜ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ በየብስ ያለው ወሰን ተዘጋ፣ መጋቢት 30 ቀንም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ይህ ሁሉ በጊዜው ተገቢ ነበር። ዳሩ ግን እግሩ የሚታዘዝለት ጎረምሳ በር ቢዘጋበት በአጥር አሻግሮ ከባልንጀራው ጋር ሲጫወት፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደው፣ ዓይኑ የማያይለትና አእምሮው በዝግታ የሚያድገው ወጣት የጓደኞቹን ድምፅ እንኳ ሳይሰማ ወራት ቆጠረ። ሌላው ሰው ወደ ገበያውና ወደ ሰሊጥ እርሻው ከተመለሰ በኋላም፣ እርሱ ደካማ ነውና ይቆይ እየተባለ እዚያው ቀረ።

የኔታ፦ ያንን መጋቢት አልረሳውም። ሕመሙ መግባቱ በተነገረ በሁለተኛው ቀን የዋለው እሑድ መጻጉዕ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያናችን በዐቢይ ጾም በአራተኛው ሰንበት፣ 38 ዓመት ከአልጋ ተጣብቆ የኖረውን ድውይ የምታስብበት ዕለት ነው። ወንጌላዊው ዮሐንስ እንደ ነገረን፣ ያ ድውይ በተጠየቀ ጊዜ የደዌውን ጽናት አላወሳም፤ ያመለከተው ውኃው በሚታወክበት ሰዓት ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው የሌለው መሆኑን ነበር። ስለዚህ ነገር ባስተማርን በጥቂት ቀን ውስጥ ደግሞ እኛው ራሳችን ሰንበቴውንና ጽዋውን አቋርጠን በየቤታችን ተከተትን።

ነርሷ፦ የነገሩ ሥር እዚያ ላይ ነው። ዛሬ ግን እንደ መጻጉዕ ሰው ያጣ ብቻ ሳይሆን፣ ሰው የተቀጠረለትም አለ። በገንዳ ውኃም ሆነ በመተማ ዮሐንስ አቅም ያለው ቤተሰብ ለልጁ አንድ ረዳት ይቀጥራል፤ ረዳቱም ብዙ ጊዜ ለአረም ወይም ለአጨዳ ከደጋ ወርዶ በዚያው የቀረ ወጣት ነው። ይህ ረዳት ያጥበዋል፣ ያለብሰዋል፣ ያጎርሰዋል፣ ወንበሩን ይገፋለታል፤ ዓይነ ስውርም ከሆነ ይመራዋል። ከአራት ሰው በላይ እንዳይሰበሰብ፣ ሰውና ሰውም በሁለት የአዋቂ እርምጃ እንዲራራቅ በታዘዘ ጊዜ፣ እነዚህን ሁለቱን በሁለት እርምጃ ማን ሊያራርቃቸው ይችላል? ሁለት ወጣቶች ከነረዳቶቻቸው ቢገናኙስ አራቱ ሞልቶ የለምን? የእኔ ነገር የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ እንዲህ ያለው እንግዳ ዘወትር የሚመጣው ሁለት ሆኖ ነውና፣ ድግሱም ጥንቃቄውም ለሁለት መታሰብ አለበት።

የኔታ፦ እውነቱን ልንገርሽ፤ ከሁሉ አስቀድሞ ቅጥሩ ራሱ ደስ አይለኝም። ድውይን ማገልገል ጽድቅ ነው፤ ዘመድ ለዘመዱ፣ ጎረቤትም ለጎረቤቱ የሚያደርገው ምግባረ ሠናይ ነው። በደመወዝ ሲሆን ፍቅሩ የሚጎድል ይመስለኛል።

ነርሷ፦ ይፍቱኝና፣ እርስዎ ያስተማሩኝን ለእርስዎ ልመልስልዎ። ደጉ ሳምራዊ በወንበዴዎች የቆሰለውን መንገደኛ በአህያው ጭኖ ወደ እንግዶች ማረፊያ ካደረሰ በኋላ፣ በማግሥቱ ለቤቱ ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጥቶ እንዲያስታምመው አደራ አላለምን? ተጨማሪ ቢያወጣም ሲመለስ እንደሚከፍለው ቃል አልገባምን? ምሕረቱ በመክፈሉ አልቀነሰም፤ እንዲያውም የጸናው በመክፈሉ ነው። ደግሞም በነጻ የተደረገ የምንለውን አገልግሎት ጠጋ ብለን ብንመረምረው፣ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከትምህርቷ የቀረች ታላቅ እኅት ወይም ወገቧ የጎበጠ እናት ናት።

የኔታ፦ በዚህስ ረታሽኝ፤ የሳምራዊውን ነገር እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ተርጉሜው ሁለቱን ዲናር ግን ልብ ብዬ አላየኋቸውም። ይሁን፤ ቅጥሩ የተገባ ነው እንበል። ስለ ወረርሽኝ ስንነጋገር ግን የረዳቱ ደመወዝ ምን አገባው?

ነርሷ፦ እጅግ ያገባዋል እንጂ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእንክብካቤ ተብሎ የሚደረግን ውል፣ እንዲሁም የግል አገልግሎት ቅጥርን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ ትቷቸዋል። የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአሠሪው ጋር በአንድ ቤት ስለሚኖር ሠራተኛ ጤንነት ጥቂት ድንጋጌ ቢኖረውም፣ ይህን የሚያውቅ ቤተሰብ ስንት ነው? ስለዚህ ረዳቱ ራሱን ሲያመው፣ ትኩሳትም ሲሰማው፣ የማድርበትን እንጀራ አጣለሁ ብሎ ሕመሙን ይሰውራል፤ ሕመሙን ሰውሮም ያጎርሳል፣ አቅፎም ያነሣል። ያን ጊዜ ወጣቱን በቤት መክተታችን ምንም አልጠቀመውም፤ ደዌው በገዛ ረዳቱ ትንፋሽ ከአልጋው አጠገብ ደርሷልና። የአንዱ ደኅንነት በሌላው መብት ላይ የቆመ መሆኑን በሥራዬ ያስተማረኝ ይህ ነው። ታሞ ቢቀር ደመወዙ እንደማይቋረጥበት፣ ተተኪውም አስቀድሞ የታወቀ መሆኑን ያረጋገጠ ረዳት፣ ሳል ሲጀምረው በጠዋት ይናገራል።

የኔታ፦ መልካም። እንግዲህ ይገናኙ ካልን፣ የት? በስንት ሰዓትስ? አባቶቻችን ከ1911 ዓ.ም የኅዳር በሽታ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ጉድፉን ሰብስበው እያጠኑ መቅሠፍቱን ሲያርቁ ኖረዋል፤ እናንተስ ምን ታዛላችሁ?

ነርሷ፦ ከሁሉ አስቀድሞ እያንዳንዱ ደዌ የሚገባበትን በር መለየት ይገባል፤ የአንዱ መከላከያ ለሌላው መጋበዣ ሊሆን ይችላልና። ኮሮና የሚተላለፈው በትንፋሽ ስለ ሆነ፣ ከተዘጋ ክፍል ይልቅ ዙሪያው ክፍት የሆነ ራኩባ ይሻላል፤ ይህንንም የቆላው ሕዝብ ሙቀቱን ለመሸሽ አስቀድሞ ሠርቶታል። ኮሌራ ግን የሚገባው በውኃና በምግብ ነው፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች በሰፈሩበት በኩመር መጠለያ በተነሣ ጊዜ፣ የሚያስፈራው ጎን ለጎን መቀመጡ ሳይሆን በአንድ መጠጫ መጠጣቱና ባልታጠበ እጅ መጉረሱ ነበር። በሰው እጅ ለሚጎርስ ወጣት ደግሞ የረዳቱ እጅ ማለት የራሱ እጅ ነው፤ እንግዲህ ሳሙናው ከወንበሩ ጋር አብሮ ይሂድ። የወባ ትንኝ የምትወጣው ከምሽት ጀምሮ ነው፤ ካላዛርን የምታስተላልፈው አሸዋ ዝንብም በዋልካው ስንጥቅ፣ በምስጥ ኩይሳና በግራር ሥር ውላ የምትናደፈው በጨለማ ነው።

የኔታ፦ እንግዲያስ እኛ በሙቀት ወራት አልጋችንን ደጅ አውጥተን በማታ ነፋስ የምንጨዋወትበት ሰዓት፣ ለኮሮና የተመቸ መሸሻ ቢመስልም ለወባና ለካላዛር አሳልፎ ይሰጣል ማለትሽ ነው።

ነርሷ፦ አዎን፤ ሌላው ሰው ትንኝ ሲነድፈው እጁን አንሥቶ ያባርራል፣ እጁ የማይታዘዝለት ግን ዝም ብሎ ይነደፋል። ቀትሩም አይሆንም፤ በመጋቢትና በሚያዝያ በዚህ አገር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ አከርካሪው የተጎዳ ሰው ደግሞ ከጉዳቱ በታች ያለው አካሉ እንደሚገባ ስለማያልበው፣ ሰውነቱ ሳይታወቀው ይግላል። ስለዚህ የቀረልን ፀሐይ ከወጣችበት እስከ አራት ሰዓት ያለው ጊዜ ነው። ለዚያ ሰዓት ለመድረስ ረዳቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ማጠብና ማልበስ አለበትና፣ ይህ ትጋቱ በደመወዙ ውስጥ ይታሰብለት። ውኃና ለግንባር የሚሆን እርጥብ ጨርቅም አይለየው።

የኔታ፦ ሰዓቱና ስፍራው ታወቀ፤ ቁጥሩሳ? አራቱ ሞላ ብለሽኝ ነበር።

ነርሷ፦ ከቁጥሩ ይልቅ የሰዎቹ አለመለዋወጥ ይበልጣል። ዛሬ ከእነዚህ፣ ነገ ከእነዚያ ጋር የሚገናኝ አራት ሰው፣ ሁልጊዜ እርስ በርሱ ብቻ ከሚገናኝ ስድስት ሰው ይልቅ ያሠጋኛል። በእንግሊዝ አገር ከሰኔ 6 ቀን 2012 ዓ.ም ጀምሮ ብቻውን የሚኖር ሰው ከአንድ ሌላ ቤተሰብ ጋር እንደ አንድ ቤት እንዲቆጠር ተፈቅዶ ነበር። እኛም ሁለት ወጣቶችን ከነረዳቶቻቸው አጣምረን፣ ሁለቱን ቤት እንደ አንድ ቤት ብንቆጥር፣ ከአንዱ ቤት ትኩሳት ቢነሣ የሚቋረጠው የሁለት ቤት ግንኙነት ብቻ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ አይፈታም። አንድ ረዳት ጠዋት በአንዱ፣ ከሰዓት በኋላ በሌላው ቤት የሚያገለግል ከሆነም፣ እነዚያ ሁለት ቤቶች ቀድሞውኑ በትንፋሽ ተገናኝተዋልና፣ ሊጣመሩ የሚገባቸው ሁለቱ ወጣቶች እነርሱ ናቸው።

የኔታ፦ ይህ ብልኅ ሐሳብ ነው። ከተገናኙ በኋላስ ምን ይሠራሉ? ዝም ብሎ ፊት ለፊት መተያየት ወጣትን አያጠግበውም።

ነርሷ፦ በዚህስ ጠያቂዋ እኔ ልሁን፤ ሕመሙን እኔ ዐውቃለሁ፣ ጨዋታውን ግን እርስዎ ያውቃሉ።

የኔታ፦ እንግዲያስ ስሚኝ። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔ የሚቆጥረው ከባልንጀራው ርቆ፣ ለብቻው በየዛፉ ጥላ ተቀምጦ ነው፤ ከዚያ ተመልሶ ለመምህሩ ይነግራል። ትምህርቱ የቃልና የጆሮ ስለ ሆነ፣ ዓይነ ስውራን ከጥንት ጀምሮ ሊቃውንት የሆኑበት ነው። ዓይነ ስውሩንም መሪው ብላቴና እጁን ሳይጨብጥ ይመራው ነበር፤ የበትሩን አንድ ጫፍ ብላቴናው፣ ሌላውን ጫፍ ዓይነ ስውሩ ይዞ አንድ በትር ተራርቀው ይሄዱ ነበር። እንዲህ ከሆነ፣ እንቆቅልሽን የመሰለ ጨዋታ ከወዴት ይገኛል? እጅ አይፈልግም፣ እግር አይፈልግም፣ መቀራረብንም አይፈልግም፤ ድምፅና ብልሃት ብቻ ይበቃዋል፤ የተሸነፈውም አገር ይሰጣል እንጂ የሚነካካው ዕቃ የለም። ገበጣም ቢሆን እያንዳንዱ የራሱን ገበጣ ይዞ ቢመጣ፣ የባልንጀራውን ጠጠር ረዳቱ በድምፅ እየተቀበለ በራሱ ገበጣ ላይ ሊዘራለት ይችላል።

ነርሷ፦ እንግዲህ እኔ በዚያ ላይ ልጨምር። መስማት የተሳናቸው ወጣቶች በምልክት ቋንቋ ሲነጋገሩ ሁለት እርምጃ መራራቃቸው አይከብዳቸውም፤ የሚከብዳቸው ያንደበታችንን እንቅስቃሴና የፊታችንን መልክ የሚሸፍነው ጭምብል ነው፤ ስለዚህ በእነርሱ ማኅበር መራራቁን አብዝተን፣ በክፍት ስፍራም ተቀምጠን ፊትን መግለጥ ይገባል። ቡናውም አይቅር፤ ሁሉም የየራሱን ሲኒ ይዞ ይምጣ፣ የሚቀዳውም አንድ ሰው ይሁን። ክርስቲያኑ ከነረዳቱ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ፣ ሙስሊሙም በመስጊድ ግቢ ከሕዝቡ መድረስ አስቀድሞ ስፍራ ይያዝለት፤ ከሰው መካከል መሆን ራሱ አንድ ጨዋታ ነውና። መንገዱ በተዘጋ ቀን ደግሞ ስልክ አለ፤ ኢንተርኔት በክልላችን ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ወራት ተቋርጦ ስለ ነበር፣ በተራው የድምፅ ጥሪና በአጭር የጽሑፍ መልእክት መገናኘትን መለማመድ ይበጃል።

የኔታ፦ አእምሮው በዝግታ የሚያድገውስ? ወይም ኦቲዝም የሚባለው ያለበት? እርሱ ለምን ተራራቁ እንደ ተባለ እንኳ አይገባውም።

ነርሷ፦ እርሱን የሚጎዳው ከሕጉ ይልቅ የሕጉ ድንገተኛነት ነው። ትናንት የነበረው ጓደኛ ዛሬ ሲጠፋ ምክንያቱን ስለማያውቀው ይጮኻል፣ ራሱንም ይመታል። ለእንዲህ ያለው ወጣት ያው ቀን፣ ያው ሰዓት፣ ያው ምንጣፍ፣ ያው ሰው መሆኑ ግማሽ መድኃኒት ነው፤ ጭምብሉንም ወረርሽኙ ሳይመጣ እንደ ጨዋታ ቢለማመደው ኋላ አይፈራውም። ለኦቲዝም ልጆች የመጀመሪያዎቹን ማዕከላት በአገራችን ካቋቋሙት አንዷ፣ የጆይ ማዕከል መሥራች ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ለእነዚህ ልጆች ከተደበቁበት ጓዳ ወጥቶ መታየትን ለማስለመድ ደክመው፣ በ2013 ዓ.ም በዚሁ በኮሮና ሕመም ዐረፉ። እርሳቸው ከጓዳ ያወጡትን ትውልድ እኛ በወረርሽኝ ስም ወደ ጓዳ ብንመልሰው በደል ነው።

የኔታ፦ ይህን ስትናገሪ ልቤ ተነካ። ነገር ግን አንድ አባት ተነሥቶ፣ ልጄን አውጥቼ ቢሞትብኝስ ቢልሽ ምን ትመልሺለታለሽ?

ነርሷ፦ ፍርሃቱን አላቃልልበትም። በእንግሊዝ በ2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከጥር እስከ ኅዳር ከኮሮና ጋር በተያያዘ ከሞቱት ሰዎች ከመቶ 59 ያህሉ አካል ጉዳተኞች ነበሩ፤ ሞት በእውነት በእነርሱ ላይ ይበረታል። በዘፈቀደ ይውጣ የማልለውም ለዚህ ነው። ነገር ግን ያንን አባት መልሼ እጠይቀዋለሁ፤ ልጅህን ብትከተው ረዳቱ ገበያ አይወጣምን? አንተስ ከሰው ጋር አትውልምን? ቤትህ ለደዌው ክፍት ሆኖ ለጓደኛው ብቻ የተዘጋ እንደ ሆነ፣ ልጁ ከሁለት ወገን ተጎዳ። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ11ኛው አንቀጹ በአደጋ ጊዜ መጠበቅን፣ በ30ኛው አንቀጹም በመዝናናትና በባህል ኑሮ መሳተፍን በአንድነት ሲደነግግ፣ አንዱን ሰጥተህ ሌላውን ንጠቅ አላለም።

የኔታ፦ እንግዲህ ወጪው ይቀራል። በጥቅምትና በኅዳር ሰሊጡ ደርሶ ፍሬው ሳይረግፍ ለመሰብሰብ ሁሉ ሲሽቀዳደም፣ የቀን ሠራተኛ ዋጋ ይንራል፤ ረዳቱም ወጣቱን ትቶ ወደ አጨዳ ይሄዳል። ወረርሽኝም በዚያ ላይ ቢጨመር ተተኪውን ማን ይከፍለዋል? እኔ እድራችንን እያሰብሁ ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከልና ለቀስተኛ ለማብላት የምናዋጣ ሰዎች፣ ሕያው የሆነውን ወጣት ከብቸኝነት ለማዳን ጥቂት ብናዋጣ ከሥርዓታችን የሚርቅ አይደለም። ሦስት ነገር አቀርብላቸዋለሁ። መጀመሪያ፣ አካል ጉዳተኛ ወጣት በተጠራበት ስፍራ ሁሉ ረዳቱም እንግዳ ሆኖ ስፍራና ቡና ይጠብቀው፤ ሁለተኛ፣ ረዳት ሲታመም ደመወዙ ሳይቋረጥ ተተኪው ከእድሩ ሣጥን ይከፈለው፤ ሦስተኛ፣ የሚጣመሩት ቤቶች ደዌ ሳይመጣ በደኅናው ጊዜ ተለይተው ይታወቁ።

ነርሷ፦ ሦስቱም መልካም ናቸው፤ ከሦስተኛው በፊት ግን አንድ ነገር ቢገባ እወዳለሁ። ጥንዱን የሚመርጠው ማን ነው? እስካሁን እኔም እርስዎም ይህንን ስናወጣና ስናወርድ፣ ወጣቱን አልጠየቅነውም። እናት ለቅርበቱ፣ ነርስ ለጤናው፣ እድርም ለወጪው ሲሉ ቢያጣምሩት፣ ምናልባት ከማይወደው ሰው ጋር ዓመት ሙሉ እንዲቀመጥ እንፈርድበታለን። ከረዳቱም ጋር የሚውለው እርሱ ነውና፣ የቱ ረዳት እንዲተካለት እንደሚፈልግ የሚያውቀውም እርሱ ነው። በቃል መናገር ያልቻለ ቢኖር፣ ማን ሲመጣ ፊቱ እንደሚፈካ ረዳቱ ያውቃል፤ ረዳቱ ይጠየቅ።

የኔታ፦ እውነትሽን ነው፤ መጻጉዕንም እኮ ጌታችን ፈቃዱን ሳይጠይቅ አልፈወሰውም። እንግዲያስ ወደ እድሩ ዳኛ ከመሄዴ በፊት በየቤቱ እየዞርሁ ወጣቶቹን ከማን ጋር መዋል እንደሚወዱ እጠይቃቸዋለሁ። አንቺም ረዳቶቻቸውን ለይተሽ ሰብስቢና፣ ሲታመሙ ለመናገር የሚያስፈራቸው ምን እንደ ሆነ ጠይቂያቸው፤ ወደ እድሩ የምንገባው የሁለቱን ወገን ቃል ይዘን ነው።